የሀናን ጃኬት የግራ እጅጌ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተረከብኩት ሰማያዊ ጋውን፣ የወርክሾፑን ቁልፍና አንድ ቆርቆሮ ሙሉ መርፌ ነው። ያስረከበችኝ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናት። "አማረች፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ከአንቺ እጅ ይጠየቃል" አለችኝ። "እሺ" ልል አፌን ስከፍት ቆርቆሮው ከእጄ አምልጦ መርፌው ወለሉን ሞላው። ተንበርክኬ በጣቴ ልለቅም ስል ከመሳቢያ ማግኔት አውጥታ ሰጠችኝ። "በይ፣ መጀመሪያ የምትማሪው ይሄንን ነው" ብላ እየሳቀች ወጣች። እኔ አልሳቅሁም። ሥራው ሳይጀመር ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ይሄንን የምጽፈው ከእኔ በኋላ ለሚመጡ የወርክሾፕ ረዳቶች ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አጻጻፌ ቀስ ያለ ነውና አንባቢ ይታገሰኝ።

ኮሌጁ ወሎ ሰፈር፣ ከሥሩ ጋራዥ ያለበት ፎቅ ላይ ነው። ፋሽን ዲዛይን በዲግሪ ያስተምራል። እኔ ከዚያ በፊት ከከተማው በስተምሥራቅ በኩል አንድ የልብስ ፋብሪካ ውስጥ ኦፕሬተር ነበርኩ። ፋብሪካ ውስጥ አንድ ሰው ሙሉ ልብስ አይሰፋም። አንዷ ኮሌታ ትሰፋለች፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ ቁልፍ ትተክላለች። እኔ እጅጌ ገጣሚ ነበርኩ። ሱፐርቫይዘራችን ስማችንን አያውቅም። "እጅጌ! ፍጠኚ እንጂ!" ነበር የሚለኝ። ለዓመታት ስሜ እጅጌ ነበር።

የረዳት ሥራ ቀላል ይመስላል። ጠዋት የስፌት መኪኖቹን ከአቧራና ከብናኝ መጥረግ፣ ዘይት ማጠጣት፣ ካውያው ላይ ውሃ መሙላት፣ ክርና መርፌ ማደል። መርፌ ከተሰበረ ቁርጥራጩ ሁሉ ተገኝቶ ወረቀት ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ካልመጣ አዲስ አልሰጥም። ይሄን ሕግ ያመጣሁት ከፋብሪካው ነው። ተማሪዎቹ ይነጫነጫሉ።

"ማዘር፣ ጫፏ ጠፋች፤ በቃ ይተዉት።"

"ልብሱ ውስጥ ቀርታ ቢሆንስ? ልጅ ቢለብሰውስ?" እላለሁ።

እኔ ቀድሞ የሚታየኝ ሁልጊዜ ክፉው ነው። አንድ ልጅ ብቻዋን ያሳደገች እናት እንዲህ ናት። ለዚህ ሥራ ግን አልጎዳኝም፤ መርፌ ላይ መፍራት ጥሩ ነው።

ልጄ ፌበን አሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ እዚሁ ኮሌጅ ገባች። የሠራተኛ ልጅ በነፃ ይማራል። ገና በመጀመሪያው ቀን ታክሲ ስንጠብቅ "እማዬ፣ ወርክሾፕ ውስጥ ልጄ እንዳትዪኝ" አለችኝ። "እና ምን ልበልሽ?" ብላት "ዝም በዪኝ" አለች። ዝም አልኳት።

መምህር ዮናስ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ወጣት ነው፤ ቦርሳውን በሁለት ትከሻው አንግቶ ነው የሚገባው። ተማሪ መስሎኝ "ጋውን ሳትለብስ አትገባም" ብዬ በር ላይ አቁሜዋለሁ። ሄዶ ጋውን ለብሶ መጣ። ማን እንደሆነ የነገረችኝ ኃላፊዋ ናት።

ያ ሰው አዲስ አሠራር ይዞ መጣ። "ሁሉንም ሥራ እኔ ብቻ ካረምኩላቸው የራሳቸው ዓይን አይከፈትም። እርስ በርስ ይተራረሙ" አለ። አሠራሩ በኮምፒውተር ሲስተም ነው። የእኔ ድርሻ ፎቶው ነበር። ተማሪ ሰፍቶ የጨረሰውን ልብስ ዱሚው ላይ፣ የሰው ቅርጽ ባለው የልብስ ማሳያ ላይ፣ አለብሳለሁ፤ በታብሌት ከፊት፣ ከኋላ፣ ከጎንና ከጎን አነሳለሁ፤ ከዚያ ስፌቱን ከቅርብ። ሲስተሙ እያንዳንዱን ልብስ ለሦስት ተማሪ ያከፋፍላል። ሦስቱ አስተያየት ይጽፋሉ። የጻፈው ሰው ስም አይታይም፤ የጻፈውን ግን ክፍሉ በሙሉ በስልኩ ያነበዋል።

"መምህር፣ ይሄ ታብሌት ቢሰበርብኝስ?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ቢሰበር ያን ቀን ፎቶ አናነሳማ" አለኝ። መልሱ አላስተኛኝም። ታብሌቱን በሻሽ ጠቅልዬ ነበር የማስቀምጠው።

የመጀመሪያው ዙር አስተያየት መጣ። ሁሉም "ቆንጆ ነው"፣ "በርቺ"፣ "ምርጥ" ነው። ልብና እሳት ሥዕል ተደርድሮበታል። አንዱ እግሩ ከአንዱ ያጠረ ሱሪ ነበር፤ እሱም "ዋው" ተብሏል። መምህር ዮናስ ትልቁ ስክሪን ላይ ከፍቶት "ይሄ የልብስ እርማት ነው ወይስ የሰርግ ካርድ?" አለ።

ክፍሉ ሳቀ። ናቲ የሚባል ቀልደኛ ልጅ ተነሳ። "ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት? ቴሌግራም ላይ ተስማምተን ነው። እኔ የሱን ጉድ ብጽፍ ነገ እሱ የእኔን ይጽፋል። ምሳ የምንበላው ደግሞ አንድ ላይ ነው።"

እኔ ጥግ ላይ ክር እየጠቀለልኩ በልቤ "ልጁ እውነቱን ነው" አልኩ። ሰው ፊት ለፊት የማይለውን ተደብቆ ጻፈው ሲባል ይከብደዋል። እጁን ይሉኝታ ይይዘዋል።

መምህሩ ሕጉን አጠበቀው። ሲስተሙ ላይ ሁለት ሣጥን ብቻ አስቀረ። አንዱ "ችግሩ የት ላይ ነው?" ይላል፤ ሌላው "እንዴት ይስተካከል?" ይላል። ከዚያ ውጪ "ቆንጆ ነው" ብሎ የጻፈ ነጥብ የለውም።

በሚቀጥለው ዙር የሀናን ጃኬት መጣ። ሀናንን ክፍሉ ሁሉ ይወዳታል። አባቷ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው፤ ከሱቃቸው ቁርጥራጭ እያመጣች ለሁሉም ታድላለች። ጃኬቷ አረንጓዴ ሱፍ ነበር። ዱሚው ላይ ሳለብሰው የግራ እጅጌው ወደ ኋላ መዞሩን አየሁ። ምንም አላልኩም። ረዳት ካልተጠየቀ በተማሪ ሥራ ላይ አስተያየት አይሰጥም፤ ደንብ ነው። ደንቡም ለእኔ ተስማምቶኝ ነበር።

ጃኬቱ ከደረሳቸው ሦስት ልጆች አንዷ ፌበን ነበረች። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የግራ እጅጌ ወደ ኋላ ዞሯል። ክንድ ሲነሳ ጀርባው ይጎትታል። ተተርትሮ እንደገና ይገጠም።"

መምህር ዮናስ ይሄንን ስክሪን ላይ ከፍቶ ጮክ ብሎ አነበበው። "እንደዚህ ነው!" አለ፤ ደስ ብሎት ጠረጴዛውን መታ። "ማን እንደጻፈው አላውቅም፤ ግን እጁ ይባረክ። ሁላችሁም እንደዚህ ጻፉ።" ሀናን መቀስና ሜትሯን ሰብስባ ወጣች። ፌበን አንገቷን ደፍታ ነበር።

እረፍት ላይ ኮሪደሩ ተሟሟቀ። ጃኬቱ የደረሳቸው እነማን እንደሆኑ ተጠያይቀው ደረሱበት። ናቲ እንደ ዳኛ መሀል ቆመ። አንዷ "ማርያምን እኔ አይደለሁም" አለች። ሌላው "ሚካኤልን! እኔ ኪሱ ላይ ነው የጻፍኩት" አለ።

"ፌበን፣ አንቺም ማዪ!" አላት ናቲ።

ፌበን አትምልም። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ ቤታችን ውስጥ መሐላ የለም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለትንሹም ለትልቁም "አትማዪ" ብዬ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። "እኔ አልምልም" አለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ስም የሚደብቀው ሲስተም እዚያው ኮሪደር ላይ አበቃለት።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም አልሰደባትም። ቢሰድቧት ይሻል ነበር። ካውያ ስትጠይቅ "ተይዟል" ይሏታል፤ ካውያው ቀዝቅዞ ተቀምጧል። ስትገባ ወሬው ይቋረጣል። ለዓመቱ መዝጊያ ትርኢት ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ እየቆረጠ አንዱ እየሰፋ ነበር የሚሠሩት። የእሷ ጓደኛ ሄዳ ከሌላ ጋር ተጣመረች። እኔ ይሄን ሁሉ ከጥግ አያለሁ። ክር አድላለሁ። ዝም እላለሁ።

አንድ ቀን ፌበን አልሄድም ብላ ተኛች። ቦሌ ሚካኤል የምንኖርባት ቤት አንድ ክፍል ናት፤ ሰው ካልተነሳ ወለሉም አይጠረግም። "እጎዳታለሁ ብዬ አልጻፍኩም" አለችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። በማግስቱም ቀረች። በሦስተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ የግቢያችን ደላላ ሴትዮ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

"ልጅሽ አረብ አገር ልሂድ አለችኝ፤ እኔ አልጠራኋትም" አለች ሴትዮዋ ቶሎ ብላ።

ታናሽ እህቴ አረብ አገር ሠርታ ነው የተመለሰችው። ከተመለሰች ወዲህ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር ትገባለች። ፌበን ይሄን በዓይኗ አይታለች። አይታም "ሰው የሚያናግረኝ ቦታ ልሂድ" አለችኝ።

"በሰው ጃኬት ምን አገባሽ አንቺ?" ብዬ ጮህኩባት። "እንደ ሰው ቆንጆ ነው ብለሽ አታልፊም ነበር?"

"ነጥብ የለውም እማዬ።"

"ነጥቡ ይቅር! ሰው ይበልጣል!"

"ጃኬቱን ለብሳ መድረክ ላይ ብትወጣና ብትዋረድስ?" አለችኝ።

በማግስቱ መምህር ዮናስ ቢሮ ሄድኩ። እንድቀመጥ ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። "መምህር፣ ያንን ጽሑፍ ያጥፉልኝ" አልኩት።

"የትኛውን እትዬ አማረች?"

"የእጅጌውን። የጻፈችው ልጄ ፌበን ናት።"

ሳያውቅ ኖሮ ደነገጠ። እጁን ፊቱ ላይ አደረገ። "እኔ ነኝ ስክሪን ላይ ያወጣሁት" አለ። ወዲያው ደግሞ "ግን ባጠፋው፣ ልክ አልነበረም ማለት ይሆናል። ልክ ነው እኮ" አለ። ክፍሉን አነጋግራለሁ አለኝ። እንዳያነጋግርብኝ ለመንኩት። መምህር ሲናገር ነገር ይብሳል።

እኛ አገር ሰው ሲቀየም ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌ ከሌለ እናት ትሄዳለች። እኔ የማውቀው መንገድ ይሄው ነው። ከሰዓት ወርክሾፑ ባዶ ሲሆን ሀናን ብቻዋን ቀርታ ገበር ስትሰፋ አገኘኋት። በሩን ገርበብ አድርጌ ሄጄ እግሯ ሥር ተንበረከክሁ።

"ያ ረቢ! ማዘር! ምን ሆነው ነው?" ብላ ዘላ ተነሳች፤ ወንበሩ ወደቀ።

"ልጄን ፌበንን ማሪልኝ። ልጅነት ነው። አላወቀችም።"

"ይነሱ! ወላሂ ካልተነሱ እኔም እንበረከካለሁ!" እውነትም ተንበረከከች። ሁለታችንም መሬት ላይ ሆንን። ሰው ቢገባ መርፌ የጠፋብን ይመስለው ነበር።

"እኔ የተቀየምኩት ስህተት ነው ስላለች አይደለም" አለችኝ እዚያው እንዳለን። "እንደ ፖሊስ ነው የጻፈችው። ዞሯል፤ ይጎትታል፤ ይተርተር። ጨርቁን ለመምረጥ ከአባቴ ጋር ስንት ቀን ተጨቃጭቄያለሁ። አንዲት ደህና ነገር የለውም ማለት ነው?"

ያኔ ስልኬን አወጣሁ። እኔ ጽሑፍ ሳነብ ስለምቆይ ፌበን ለእኔ የምትልከው ድምፅ ነው። ያን አስተያየት የጻፈች ቀንም ልካልኝ ነበር። ከፈትኩላት። የልጄ ድምፅ ወጣ፦

"እማዬ፣ የሀናን ጃኬት ደረሰኝ። ኮሌታውን ብታዪው! እኔ እንደሱ ዓይነት ኮሌታ ዕድሜ ልኬንም አልሰፋም። ብቻ የግራ እጅጌው ወደ ኋላ ዞሮባታል። ይተርተር ብዬ ጻፍኩላት፣ አሳዘነችኝ፤ ሱፍ ደግሞ ሲተረተር ያማል። ትቀየመኝ ይሆን?"

ሀናን ስልኩን ከእጄ ወስዳ ደግማ ሰማችው።

"ኮሌታውን ወዳዋለች እንዴ?"

"ወዳዋለች።"

"ታዲያ ይሄን ለምን አልጻፈችውም?"

"ሣጥኑ የሚጠይቀው የት ጋ ተበላሸ ብሎ ነው" አልኳት። "ኮሌታው መች ተበላሸ?"

ጃኬቱን ከማንጠልጠያው አውርዳ ለበሰችውና ግራ ክንዷን አነሳች። ጀርባው ተጎተተ። መስታወቱን አየችና "ኤጭ!" አለች። መተርተሪያ ስጪኝ ትለኛለች ብዬ ጠበቅሁ፤ አላለችም። ቦርሳዋን ይዛ ሄደች። እኔም ነገሩ የከፋ እንጂ የተሻለ አልመሰለኝም።

ማታ ለፌበን ያደረግሁትን ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ተነስታ ተቀመጠች።

"ተንበርክከሽ? ለምን?"

"ፈርቼ ነዋ።"

"ይቅርታ ስትጠይቂልኝ ጥፋተኛ አደረግሽኝ እኮ! ምን አጠፋሁ? ንገሪኝ፣ ምን አጠፋሁ?"

"ምንም" አልኳት። እውነቱም ይሄው ነበር። ምንም አላጠፋችም። እኔ ከፋብሪካ ጀምሮ የማውቀው ይቅርታ ማለትን ነው፤ ጥፋት ኖረም አልኖረም። እሷ ይሄን ከእኔ አልወረሰችም። ለብሳ ወጣችና ደጅ ቆመች፤ ወዴት ትሄድብኝ ይሆን ብዬ በመስኮት እያየሁ ቆምኩ። ተመልሳ ገባች፤ ግን አላናገረችኝም።

ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ ፌበን ስልኳን ይዛ ወጣች። የሀናን ድምፅ ነበር። እኔ እንድሰማው አስባ ይሁን ባይሆን አላውቅም፤ ጮክ አድርጋ ከፈተችው፦

"ፌቪ፣ ስሚ። እጅጌውን ተረተርኩት። ጣቴን ወግቶኛል፣ ኃላፊነቱ ያንቺ ነው። ስለ ኮሌታው ግን አመሰግናለሁ፣ እኔም ወድጄዋለሁ። አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። ያንቺ ቀሚስ ወገቡ ላይ ልክክ ብሏል፣ ወላሂ ቀናሁ። ዚፑ ግን፣ አትቀየሚኝና፣ እባብ ነው የመሰለው። ሳትወጥሪው ነው የሰፋሽው። ዝም ብዬሽ ነው እንጂ ካየሁት ቆይቻለሁ። ሌላ ነገር፣ እናትሽን መሬት ላይ እንዳታስቀምጫቸው፤ ጉልበታቸው ሲነሱ ቋ ሲል ሰምቻለሁ።"

ፌበን መጀመሪያ ተቆጣች። "እባብ!" አለች። ገብታ ቀሚሱን አውጥታ አየችው፤ ከፍ አድርጋ በብርሃን አየችው። "እውነትም እባብ ነው" አለችና ሳቀች። ቁጭ ብላ ዚፑን መፍታት ጀመረች። ልብሱን እያለቀለቅሁ አለቀስኩ፤ ሳሙና ዓይኔ ውስጥ ገባ አልኩ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ገባች። ደላላዋ ሳምንት ቆይታ መጣች። በር ላይ የወጣችው ፌበን ናት። "ትምህርት ላይ ነኝ፤ አትምጪ" አለቻትና በሩን ዘጋች። እኔ ከውስጥ ሆኜ ደላላዋ እስክትሄድ ድረስ አልተነፈስኩም።

ሁለቱ ልጆች አብረው ሄደው የሆነውን ሁሉ ለመምህር ዮናስ ነገሩት። እኔ አልነበርኩም። የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ ታብሌቱን ሊወስድ ሲመጣ። "ደህናውን የሚናገሩበትን ቦታ እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው" አለኝ። ሲስተሙ ላይ አንድ ሣጥን ተጨመረ፤ "ምኑ ሳይነካ ይቅር?" ይላል። ከሥሩ የማይክ ምልክት አለ፤ መጻፍ ያልፈለገ በድምፁ ይናገራል። ስም መደበቁም ቀረ። ድምፅ መች ይደበቃል?

ሁሉም ተስተካከለ አልልም። ናቲ አሁን በድምፁ "ቆንጆ ነው" ይላል፤ ያው ነው። አንዳንዱ ስም ከታየ ወዲህ ጭራሽ ፈርቷል። አንዷ ልጅ ሁለት ደቂቃ ሙሉ ይቅርታ ስትጠይቅ ቆይታ ስህተቱን ሳትናገር የድምፅ መቅጃው ሰዓት አልቆባታል። ግን ካውያ ይቀባበላሉ።

ፌበንና ሀናን ለትርኢቱ ተጣመሩ። በክር ቀለም ሳይጣሉ የዋሉበት ቀን የለም። በትርኢቱ ቀን እኔ ከመጋረጃው ኋላ መርፌና ክር ይዤ ቆሜ ነበር፤ ድንገት የሚላቀቅ ካለ የረዳት ቦታ እዚያ ነው። ሀናን አረንጓዴውን ጃኬት ለብሳ ወጣች፤ ፌበን ቀሚሷን። ሀናን ለሰላምታ ክንዷን አነሳች። ጀርባው አልተጎተተም። እስኪመለሱ ግን ልቤ አልተመለሰም።

አሁንም እፈራለሁ። ልጄ አምሽታ ስትገባ እፈራለሁ፤ የምትጽፈውን ስትጽፍ እፈራለሁ። ማድረግ የተውኩት አንድ ነገር ነው፤ ላላጠፋችው ይቅርታ አልጠይቅላትም። ወርክሾፕ ውስጥም ፎቶ ሳነሳ የዞረ እጅጌ ካየሁ ልጁን ጠርቼ፣ መጀመሪያ የሆነለትን፣ ቀጥዬ ያልሆነውን እነግረዋለሁ። የረዳት ደንብ ይሄን አይልም። እኔ ግን እንዲህ ነው የምሠራው።